የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ እየፈሩ መጸለይ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከማይተዋወቁ ሰዎች የመጡ ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚጠይቁት የሚያምን ሰው ሲፈራ፣ ሲያዝንና ሲደክም ከቅዱስ መጽሐፍ ምን እንደሚያገኝ ነው። አንዳንዶቹን አሳጥረናቸዋል፤ ጸሐፊዎቹን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥተናል። አንባብያን እንዳይቸገሩ አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም፦ የመዝሙራቱን ቁጥር የሰጠነው በዕብራይስጡ አቆጣጠር ነው። የሰባ ሊቃናትን ትርጉም (ጥንታዊውን የግሪክኛ ትርጉም) በሚከተሉ እትሞች ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ስለሚቀንስ፣ እዚህ 88ኛ ያልነው መዝሙር በእነዚያ 87ኛ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ከሥራ ከተሰናበተ ወዲህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እየባነንሁ ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል። «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን የፊልጵስዩስ መልእክት ጥቅስ በቃሌ ስለማውቀው ደጋግሜ እለዋለሁ፤ ጭንቀቱ ግን አይለቀኝም። አንዲት የጸሎት ጓደኛዬ ብነግራት «ጭንቀት አለማመን ነው፤ ንስሐ ግቢበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምጨነቀው ስለ ኑሮ ብቻ ሳይሆን ስለ መጨነቄም ጭምር ሆኗል። እግዚአብሔር አዝኖብኝ ይሆን?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በቃልዎ የያዙትን ጥቅስ የጻፈው ሐዋርያው ጳውሎስ ያን ጊዜ እስረኛ ነበር። በዚያው መልእክት በምዕራፍ 2 ላይ ስለ ባልንጀራው ስለ አፍሮዲጡ ሲናገር፣ ሰውየው ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደነበር፣ እግዚአብሔርም የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ነው ይላል፤ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች መልሶ የሚልከውም የእነርሱን ደስታ ሽቶ ብቻ ሳይሆን የራሱም ኀዘን እንዲቃለልለት መሆኑን አይደብቅም። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ደግሞ የደረሰበትን ግርፋት፣ የመርከብ መሰበርና ረሃብ ከዘረዘረ በኋላ፣ ዕለት ዕለት የሚከብድበት የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሳብ መሆኑን ይጨምራል። «አትጨነቁ» ያለን ሰው እንግዲህ የሚያሳስበው ነገር የሌለው፣ ልቡ እንደ ድንጋይ የጸና ሰው አልነበረም። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የጻፈውን ቃል ነቅሎ በጨነቀው ሰው ላይ እንደ ክስ ማንበብ ለጸሐፊውም ለእርስዎም የሚገባ አይመስለኝም።

ጥቅሱን ደግሞ በሙሉ ያንብቡት። ከፊቱ በቁጥር 5 «ጌታ ቅርብ ነው» ይላል፤ ምክንያቱን ያስቀደመው በዚህ ነው። ቀጥሎም «በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ» ይላል። ትእዛዙ ስሜትን በጉልበት ስለ ማባረር አይናገርም፤ የሚያስጨንቀውን ነገር ወስዶ ለሚሰማ አካል ስለ መንገር ይናገራል። በቁጥር 7 የተሰጠው ተስፋም የተለመነው ሁሉ ወዲያው ይደረጋል የሚል አይደለም። አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን ይጠብቃል ይላል፤ ጠባቂ የሚያስፈልገው ደግሞ ጠላት ላለበት ቦታ ነው። ሰላሙና የሚያስፈራው ነገር በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ጓደኛዎ ለንግግራቸው መነሻ የላቸውም ማለቴ ግን አይደለም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ምግብና ስለ ልብስ ለሚጨነቁት «እናንተ እምነት የጎደላችሁ» ብሎ ተናግሯል፤ ይህን ቃል ማለፍ አይገባም። ሆኖም ለእነዚያው ሰዎች የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች እያሳየ፣ የሰማዩ አባታቸው ይህ ሁሉ እንደሚያስፈልጋቸው የሚያውቅ መሆኑን ነገራቸው። በማዕበሉ ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ ተመሳሳይ ተግሣጽ ሰምተዋል። በማቴዎስ ትረካ ተግሣጹ ከጸጥታው ይቀድማል፤ በማርቆስ ትረካ ማዕበሉን ጸጥ ካደረገ በኋላ ይመጣል፤ በሁለቱም ግን እምነታቸው እስኪሞላ ድረስ በውኃ ውስጥ አላቆያቸውም። በጎደለ እምነት የጮኹት ጩኸት ተሰማላቸው።

እንግዲህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲነቁ ምን ያድርጉ? ጥቅሱን እንደ ማርከሻ ከመደጋገም ይልቅ፣ ያስጨነቀዎትን ነገር በስሙ ጠርተው ይናገሩት። «ጌታ ሆይ፣ ጭንቀቴን አርቅልኝ» ብቻ ብለው አያቁሙ፤ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የባለቤትዎን ፊት መጥቆርና ዝምታ አንድ በአንድ ያንሡ። በልብ የሚጉላላ ነገር በአፍ ሲወጣ መጠን ያገኛል፤ ስለዚህ ልጆቹን ሳይቀሰቅሱ በለሆሳስ ቢያሰሙት መልካም ነው፣ ወይም በወረቀት ላይ ይጻፉት። ከዚያ መዝሙር 77ን ያንብቡ፤ የተጻፈው እንደ እርስዎ እንቅልፍ ባጣ ሰው ነው። እግዚአብሔር የዓይኖቹን ሽፋሽፍት እንደ ያዘበት፣ ከመታወኩም የተነሣ መናገር እንዳቃተው ይናገራል፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ረስቶ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቃል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የቀድሞውን ሥራ ወደ ማሰብ የሚዞረው። መዝሙር 3 ደግሞ በርእሱ እንደተጻፈው ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ የጸለየው ነው፤ አሳዳጆቹ ከኋላው እያሉ «እኔ ተኛሁ አንቀላፋሁም፤ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ» ይላል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አሉ፤ ያልተኛውም የተኛውም ሰው ጸሎት ተቀባይነት አግኝቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጳውሎስ ወደ መቄዶንያ በመጣ ጊዜ «በውጭ ጠብ ነበረ፥ በውስጥ ፍርሃት ነበረ» ካለ በኋላ፣ ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ በቲቶ መምጣት እንዳጽናናው ይጽፋል። ጽናቱ የመጣው በሰው እግር ነው። ይህን ሸክም ከባለቤትዎ ጋር በግልጽ ተነጋግረውበት ከሆነ ደብዳቤዎ አይናገርም፤ ካልሆነ ከዚያ ይጀምሩ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካስቆጠረ፣ የምግብ ፍላጎትዎንና የቀን ሥራዎን ከነካም ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ይህ ከጸሎት ጋር የሚጋጭ ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ «አትፍራ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ 365 ጊዜ ተጽፏል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ማለት ነው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በተለመዱት ትርጉሞች «አትፍራ»፣ «አትፍሪ»፣ «አትፍሩ» የሚለውን ቆጥሮ ወደዚያ ቁጥር የሚደርስ የለም፤ የተሰበሰበ መስሎ የሚታየውም ስለ ፍርሃት የሚናገሩ ሌሎች ቃላት ሲደመሩበት ነው። ቁጥሩ ደስ ስለሚል ብቻ ከአንዱ ስብከት ወደ ሌላው ሲሻገር ይኖራል። ይልቅ ቃሉ ለማን እንደተነገረ ብናይ የበለጠ እናተርፋለን። ከጦርነት ለተመለሰው ለአብራም ተነግሯል፤ ውኃ አልቆባት ልጇን ከቁጥቋጦ በታች ጥላ፣ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀምጣ ለምታለቅስ ለአጋር ተነግሯል፤ ለድንግል ማርያም፣ ሌሊት መንጋቸውን ለሚጠብቁ እረኞች፣ ሊሰበር በተቃረበ መርከብ ላይ ለነበረው ለጳውሎስም ተነግሯል። አብዛኛውን ጊዜም ብቻውን አይመጣም፤ «እኔ ከአንተ ጋር ነኝና»፣ «ልመናህ ተሰምቶአልና» የሚል ምክንያት ይከተለዋል። ስለዚህ ጥቅሱን ሲይዙ ምክንያቱንም አብረው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈች ወራት አልፈዋል። በኀዘኑ ሰሞን ሰዎች «ክርስቲያን እንደ አሕዛብ አያለቅስም»፣ «ስለወደዳት ወሰዳት» እያሉ አጽናኑኝ። በመልካም ልብ እንደ ተናገሩት አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስጸልይ አፌ ይተሳሰራል። መዝሙረ ዳዊትን ስከፍት የምስጋናው ቃል ከእኔ ጋር ስለማይሄድ መልሼ እዘጋዋለሁ። እምነቴ እየሞተ ነውን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። «እንደ አሕዛብ» የተባለው ከ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 የተወሰደ ይመስላል፤ ቃሉ ግን «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ነው የሚለው። ሐዋርያው ተስፋ የሌለበትን ኀዘን ከለከለ እንጂ ኀዘንን አልከለከለም። የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ራሷ እስጢፋኖስን ስትቀብር ታላቅ ልቅሶ እንዳለቀሰችለት በሐዋርያት ሥራ 8፥2 ተጽፏል፤ ሰማዕቱ ሰማያት ተከፍተው እያየ እንዳረፈ ግን ከእነዚያ አልቃሾች የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን በዝግታ እንዲያነቡት እመክራለሁ። አልዓዛር ከሞተ አራት ቀን ሆኖታል። አስቀድማ ማርታ ወጥታ ጌታን ተቀበለችውና «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ጥቂት ቆይታ ማርያም መጣች፤ በእግሩ ላይ ወድቃ ያንኑ ቃል ተናገረች። ንግግራቸው አንድ ሆኖ ሳለ የተሰጣቸው መልስ ግን ተለያየ። ከማርታ ጋር ስለ ትንሣኤ ተነጋገረ፤ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» የሚለውን ታላቅ ቃል የሰማችው እርሷ ናት። ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ ግን ትምህርት አልሰጣትም፤ ወዴት እንዳኖሩት ጠየቀ፣ ከዚያም «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ»። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚያደርግ እያወቀ ነው ያለቀሰው። ትንሣኤን ማመንና ማልቀስ የማይስማሙ ቢሆኑ ኖሮ ከእርሱ ይልቅ እንባውን መግታት የሚገባው ሰው አልነበረም። ማርያም የሆነ ሰው ማርታ የተቀበለችውን መልስ ሲቀበል አፉ ቢተሳሰር አያስደንቅም፤ እርስዎን የገጠመዎትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

«ስለወደዳት ወሰዳት» ስለሚለው አነጋገር አሳቤን ሳልሸሽግ ብናገር፣ እኔ ለማንም አልለውም። የእግዚአብሔርን ምክንያት የምናውቅ አስመስሎ ይናገራል፤ ሰሚውንም «እኔ ብወዳትም ለምን ቀማኝ?» ወደሚል የማይወጣበት ጥያቄ ይገፋዋል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ። አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መስጠት ከጀመሩ በኋላ ግን ኢዮብ «የምታደክሙ አጽናኞች» አላቸው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ራሱ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ተቆጣቸው። ልብ ይበሉ፤ የልደቱን ቀን የረገመው፣ ከፈጣሪው ጋር ልከራከር ያለው ኢዮብ ነው ቅን ተናጋሪ የተባለው።

የምስጋናው መዝሙር አልሄድልዎ ካለ አሁን አይክፈቱት። ከ150ዎቹ መዝሙራት መካከል የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙራት ብዙ ናቸው፤ ለኀዘንተኛ የምንመርጥለት ግን ብዙ ጊዜ የደስታውን ነው። መዝሙር 88ን ይክፈቱ። በመጽሐፉ ውስጥ ከእርሱ የጨለመ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። አብዛኞቹ የአቤቱታ መዝሙራት ወደ ማብቂያቸው ወደ ተስፋ ሲዞሩ፣ ይህኛው ሳይዞር ወዳጆቹ ከእርሱ እንደ ራቁበትና ጨለማ እንደ ቀረለት በመናገር ያበቃል። ያም ሆኖ የሚጀምረው እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ በመጥራት ነው፤ ሰውየው ብርሃን ባያይም ጩኸቱን ወደ ማን እንደሚያሰማ አልጠፋበትም። ይህ መዝሙር ከጸሎት መጽሐፉ አልተሰረዘም፤ ማንም አስተካካይ ሁለት የተስፋ ስንኝ አልጨመረበትም፤ ትውልድ ሁሉ እንዲጸልይበት እንዳለ ተላለፈ። ሰቆቃወ ኤርምያስም እንዲሁ ነው። የእግዚአብሔር ምሕረት ማለዳ ማለዳ አዲስ እንደሆነ የሚናገረው የታወቀው ቃል የሚገኘው በመጽሐፉ ወገብ፣ በምዕራፍ 3 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶው ሁለት ምዕራፍ ይቀጥልና የመጨረሻው ቁጥር እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎን ይሆን በሚል መልስ ባላገኘ ስጋት ይዘጋል። ተስፋን አንድ ጊዜ ከተናገሩ በኋላ እንደገና ማልቀስ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።

በ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው አትናቴዎስ ማርቄሊኖስ ለተባለ ሰው በጻፈው ደብዳቤ፣ መዝሙራትን የሚያነብ ሰው የገዛ ነፍሱን እንደ መስተዋት እንደሚያይባቸውና ቃላቸውን የራሱ አድርጎ እንደሚናገራቸው አስተምሯል። የራስዎ ቃል ሲጠፋ የተዋሱት ቃል ጸሎት ነው። እርሱም ካቃተዎት ሮሜ 8፥26 እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን ባላወቅን ጊዜ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል። እስከዚያው በጉባኤ ተገኝተው ዝም ብለው ይቁሙ፤ የሌሎቹ «አሜን» ለእርስዎም ይበቃል። እምነትዎ እየሞተ ቢሆን ኖሮ መጸለይ አለመቻልዎ ባላሳዘነዎት ነበር።

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጌ በመረከቢያ ሰነድ ላይ እንድፈርም አለቃዬ እየገፋፋኝ ነው፤ «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይላል። እንጀራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ብል ልቤ አያምነኝም። ድፍረት ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያ ጥቅስ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ለጉዳይዎ የቀረበ ነው። ሐዋርያው ከዚያ በፊት ባለው ቁጥር የሚናገረው ስለ መጥገብና ስለ መራብ፣ ስለ መብዛትና ስለ መጉደል ነው። እችላለሁ ያለው ባሰብሁት ሁሉ እሳካለሁ ለማለት አይደለም፤ ባገኝም ባጣም መኖር እችላለሁ ማለቱ ነው። እርስዎን የያዘዎት ፍርሃት ደግሞ የማጣት ፍርሃት ነው።

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሦስቱ ወጣቶች በእቶኑ ፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ ሁለት ክፍል አለው። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ እንደማንሰግድ እወቅ አሉ። ስንሰብከው የመጀመሪያውን ክፍል እናስጮኸዋለን፤ ድፍረታቸው ግን በሁለተኛው ላይ ነው ያለው። ውሳኔያቸው እሳቱ ያቃጥላል አያቃጥልም በሚለው ላይ ስላልተመሠረተ ንጉሡ የሚያስፈራራበት ነገር አጣ። እርስዎም «እምቢ ብል እግዚአብሔር ሥራዬን ይጠብቅልኛል» በሚል ዋስትና ላይ አይቁሙ፤ እንደዚያ ያለ ቃል አልተሰጠንም።

ነገር ግን ድፍረት ማለት ነገ ጠዋት ገብቶ ጠረጴዛ መምታት አይደለም። ነህምያ በንጉሡ ፊት ፊቱ ጠቁሮ በታየ ጊዜ እጅግ እንደ ፈራ ራሱ ጽፏል። በንጉሡ ጥያቄና በእርሱ መልስ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ፤ የልብ ጸሎት እንጂ ረጅም ሊሆን የማይችል ነው፤ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን፣ አራት ወር ያህል፣ በጾምና በጸሎት የቆየው ሰው ግን በዚያች ቅጽበት የሚለውን አላጣም። ንጉሡ ሲፈቅድለትም የሚሄድበትን ጊዜ ወስኖ፣ ለወንዝ ማዶ ገዢዎች የሚያደርሰው የይለፍ ደብዳቤና ለፈረሰው ለኢየሩሳሌም ቅጥር የሚሆን እንጨት ለይቶ ጠየቀ። አስቴርም መጀመሪያ የመለሰችው መልስ የፍርሃት መልስ ነበር፤ ያልተጠራ ሰው ወደ ንጉሡ ቢገባ ሕጉ ሞት መሆኑን ለመርዶክዮስ አስታወሰችው። «ብጠፋም እጠፋለሁ» ያለችው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ብቻዋን አልገባችም፤ አይሁድ ሁሉ ሦስት ቀን እንዲጾሙላት አድርጋ፣ ነገሩንም በግብዣ ላይ በትዕግሥት አብስላ ነው።

ስለዚህ ከጸሎቱ ጋር የሚሄድ ሥራ አለ። የቀረበልዎትን ሰነድ ግልባጭ ይያዙ። እንቢታዎን በትሕትና፣ ሰውን ሳይሰድቡ፣ «ዕቃው ሲገባ ቆጥሬ እፈርማለሁ» ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ። ሊመጣ የሚችለውን ነገር ለቤተሰብዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከእርስዎ ጋር የሚጸልዩ ሁለት ሦስት ታማኝ ሰዎችንም ይፈልጉ። በሐዋርያት ሥራ 4 የተዛተባቸው ሐዋርያት ወደ ወገኖቻቸው ሄደው አብረው ሲጸልዩ የለመኑት ዛቻው እንዲቀርላቸው አልነበረም። ጌታ ዛቻቸውን እንዲያይ፣ ለእነርሱም በግልጥነት መናገርን እንዲሰጣቸው ለመኑ። ከእነርሱ አንዱ ጴጥሮስ ነበር፤ በእሳት ዳር አንዲት ገረድ ስትጠይቀው ጌታውን የካደው ሰው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ከሰው መገናኘት አቁሟል፤ ምግብ አይበላም፤ ቀን ቀን ተሸፋፍኖ ይተኛል። በቅርቡ «ብሞት ይሻለኛል» አለኝ፤ ለማንም እንዳልነግርም አስማለኝ። በእግዚአብሔር ያምናል። የትኛውን ጥቅስ ልስጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥቅሱን ለጊዜው አቆየውና ዛሬውኑ እነዚህን አድርግ። ራሱን ለመግደል አስቦ እንደሆነ በቀጥታ፣ ሳትቆጣ ጠይቀው፤ መጠየቅህ አሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙ ጊዜ መናገር መቻሉ ራሱ ያቀልለታል። ብቻውን አትተወው፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ካለም ከአጠገቡ አርቅ። ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ግቢያችሁ ክሊኒክ አብረኸው ሂድ። መሐላውን በተመለከተ፣ የጓደኛህን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የለብህም፤ ለቤተሰቡና ለአንድ ኃላፊነት ለሚሰማው አዋቂ ሰው ተናገር። ቢቀየምህ ይቀየምህ።

መሞትን መለመን የአማኝ አፍ የማያውቀው ነገር አይደለም። ሙሴ በዘኍልቍ 11 ለምኖታል፤ ዮናስ ለምኖታል፤ ኤርምያስ የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ኤልያስን ግን ቀረብ ብለን እንየው፤ ነገሩ በ1ኛ ነገሥት 19 አለ። በቀርሜሎስ ተራራ ታላቅ ድል ባገኘ ማግስት ኤልዛቤል ዛተችበት፤ ሸሽቶ ቤርሳቤህ ደረሰ፤ ብላቴናውን በዚያ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባና ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። ከዚያ ተኛ። መልአኩ ሲዳስሰው አልገሠጸውም፤ ስለ ቀርሜሎስም አላስታወሰውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም አልከለከለውም። ሁለተኛ ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ቃል የመጣለት ከዚህ በኋላ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ ወዲያ ነው።

በዚያም እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ ኤልያስም ያንኑ ብሶት ሁለት ጊዜ፣ ብቻዬን ቀረሁ እያለ ደገመው። እስኪጨርስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፤ አብሮት የሚሆን ኤልሳዕ ተሰጠው፤ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉም ተነገረው። ቅደም ተከተሉን ተመልከት፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መደመጥ፣ ሥራና ባልንጀራ። ጓደኛህ ያንኑ ብሶት አሥር ጊዜ ቢደግምልህ «ነግረኸኛል እኮ» አትበለው።

መድኃኒት ቢታዘዝለት አንዳንዶች «በጾምና በጸሎት ብቻ ይለፈው» ሊሉ ይችላሉ። ኢሳይያስ የእግዚአብሔርን የፈውስ ቃል ለሕዝቅያስ ካደረሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዝዟል፤ የጳውሎስ የጉዞ ባልደረባ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ጾሙን በተመለከተ፣ ምግብ ያቆመን ሰው ጹም ማለት ጉዳት ነው፤ የንስሐ አባቱም ሆነ መጋቢው ይህን እንዲያውቅ ንገራቸው።

ሐኪም ካየው በኋላ፣ ራሱ አንብብልኝ ካለህ፣ መዝሙር 42ን አብራችሁ አንብቡ። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» የሚለው ጥያቄ በእርሱና በተከታዩ መዝሙር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ጊዜ አልበቃውም ማለት ነው። ካልፈለገ ግን አትጫነው፤ ምሳውን አምጣለትና አብረኸው ብላ። አንተም ይህን ብቻህን አትሸከም፤ ከክፍል ጓደኞቻችሁ አንድ ሁለቱን አስከትል፣ ሌሊቱን ተራ በተራ አብራችሁት እደሩ።